የኋላ ጎማ ኩሽኔታ በራስ እጅ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኋላ የሚጮኸው ኩሽኔታው መሆኑን በምን ልወቅ?

ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ወይ ባለ ሮለር ቀለበት) ሲበላ ድምጹ ከፍጥነት ጋር ነው የሚሄደው። ቀስ ስትሉ ብዙም አይሰማም፣ 50 60 ላይ ስትደርሱ ግን ከኋላ ወንበር ስር አውሮፕላን ሊነሳ ሲያኮበኩብ የሚመስል ጉምጉምታ ይጀምራል፣ ስትጨምሩ ይጨምራል ስትቀንሱ ይቀንሳል። ነዳጅ ብትረግጡም ብትለቁም ድምጹ ያው ከሆነና ማርሹን ኒውትራል አድርጋችሁ ስትለቁትም ካልጠፋ ሞተሩን ተዉት፣ ጥርጣሬው ወደ ጎማው አካባቢ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ መታጠፊያ ላይ አዳምጡ። ወደ ግራ ስትታጠፉ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል የቀኙ ኩሽኔታ ነው የሚጫነው፣ ስለዚህ ወደ ግራ ስትዞሩ ድምጹ ከባሰ ቀኙን ጠርጥሩ፣ በተቃራኒው ከሆነ ደሞ ግራውን። ሁሌ ይሰራል ማለት አይደለም፣ ድምጽ በመኪናው ቦዲ ውስጥ ስለሚጓዝ የቀኙ ግራ መስሎ የሚሰማበት ጊዜ አለ፣ ለዛ ነው በጆሮ ብቻ ወስኖ እቃ መግዛት የማይመከረው።

ከዛ በክሪክ አንስታችሁ (የፊት ጎማዎቹ ታግደው፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ፣ ማርሽ ኒውትራል ሆኖ) ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥ ወደ ውጪ ነቅንቁት። ቀቅ ቀቅ ካለ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና እንደገና ነቅንቁት። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ የሰስፔንሽን ቡሽ ወይ ሌላ መገጣጠሚያ ነው የላላው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፦ "ነቀነቅኩት አይነቃነቅም፣ ስለዚህ ደህና ነው" ይላል። አይደለም! የዛሬዎቹ የታሸጉ ኩሽኔታዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይነቃነቁ ነው መጮህ የሚጀምሩት። ስለዚህ አንድ እጃችሁን የሰስፔንሽኑ ሞላ (ስፕሪንጉ) ላይ አሳርፋችሁ በሌላው ጎማውን በደንብ አሽከርክሩት፣ የተበላ ኩሽኔታ ከሆነ ሞላው ላይ አሸዋ ያለበት ነገር እንደሚፈጭ አይነት ንዝረት ይሰማችኋል፣ ከዛ ሌላኛውን ጎን አድርጉና አወዳድሩ። ከሁሉም ፈተና እኔ በጣም የማምነው ይሄንን ነው።

ጎማው ራሱ ቢሆንስ የሚጮኸው?

በጣም ይሆናል እንጂ። ጥርሱ እኩል ያልተበላ ጎማ ልክ እንደ ኩሽኔታ ነው የሚጉመጎመው፣ በተለይ ከኋላ ሆኖ ሾክ አብዞርበሩ የደከመ ከሆነ። በመዳፋችሁ የጎማውን ፊት ዙሪያውን ዳብሱት፣ ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ካለባችሁ የኋላና የፊት ጎማ አቀያይራችሁ ንዱት። ድምጹ ወደ ፊት ከመጣ ጎማው ነው፣ ኩሽኔታ ከመግዛት ተረፋችሁ። ሌላ ፍንጭ ደሞ፦ የጎማ ድምጽ የመንገዱ አስፋልት ሻካራ ወይ ለስላሳ ሲሆን ይቀያየራል፣ የኩሽኔታ ግን አስፋልቱ ምንም ሆነ ምን ያው ነው።

እየጮኸ መንዳት እችላለሁ? እስከ መቼ?

መጮህ የጀመረ እለት ጎማው አይወልቅም፣ ግን ቀን የሚቆርጥላችሁ ሰው ካለ ዝም ብሎ ነው የሚያወራው። የተበላ ኩሽኔታ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ግሪሱ ይወጣል፣ ግሪሱ ሲወጣ ብረት ለብረት ይፋጫል፣ መጨረሻ ላይ ወይ ይነክሳል ወይ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት መሃሉ) ይላላል፣ ሞዞው ከላላ ደሞ ዲስኩ እየተወላገደ የፍሬን ፓዱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ፍሬን ስትረግጡ ፔዳሉ ዝቅ ብሎ ይገባባችኋል። መነቃነቅ ከጀመረ፣ ወይ ጥቂት ነድታችሁ ቆማችሁ ያንዱ ጎን ቸርኬ መሃሉ ከሌላው ጎን በሙቀት በግልጽ ከበለጠ (በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ አድርጋችሁ ፈትሹ፣ አትያዙት፣ ሊያቃጥል ይችላል) ረጅም መንገድ አትውጡበት። የሚነክስ የፍሬን ሸራም ቸርኬ ያሞቃል፣ ስለዚህ ሙቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቤት ውስጥ የሚሰራ ስራ ነው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?

የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው እናንተ ጋ ሳይሆን መኪናው ስር ነው። የኋላ ኩሽኔታ አንድ አይነት አይደለም፣ እና ምን አይነት እንደሆነ ሳያውቅ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው፣ መኪናው ተፈቶ።

የመጀመሪያው አይነት ሞዞና ኩሽኔታው አንድ ላይ ተሰርቶ የሚመጣ፣ ከኋላ በኩል ብዙ ጊዜ በ4 ብሎን የሚታሰር ነው። የኋላ ጎማቸው የማይነዳ (ሞተሩ የፊቱን ብቻ የሚያዞር) ብዙ የቤት መኪኖች እንደዚህ ናቸው። ትፈታላችሁ፣ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ፕሬስ (በኃይል መጭመቂያ ማሽን) የለም ምን የለም። የእጅ ስራ ለሚወድ ሰው ለቤት የሚሆነው ይሄኛው ነው።

ሁለተኛው ታምቡሩ (የፍሬን ሸራው ውስጡ ያለበት ክብ ብረት) ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ ያለው፣ በመሃል ዳዶና ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፍ ፒን) የሚታሰር፣ ግሪስ የሚቀባ ነው። የድሮ መኪኖች ላይ በብዛት አለ፣ ይሄም ቤት ውስጥ ይሰራል፣ እንደውም በጣም ደስ የሚል ስራ ነው፣ ግን ማስተካከያው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሶስተኛው ኩሽኔታው በኃይል ተጨምቆ የገባበት ነው። የኋላ ጎማ የሚነዳቸውና አራቱም ጎማ የሚነዳቸው መኪኖች ላይ ሰስፔንሽኑ ለእያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ ከሆነ ይሄ ያጋጥማችኋል፣ አንዳንድ ትናንሽ መኪኖች ደሞ ታምቡሩ ወይ ዲስኩ ውስጥ ተጨምቆ አለላቸው። ለዚህ ፕሬስ ወይ በብሎን የሚስብ መጭመቂያ ኪት ያስፈልጋል።

አራተኛው ፒካፖችና ሙሉ የኋላ አክስል ያላቸው መኪኖች ላይ ያለው ነው፣ ኩሽኔታው አክስሉ (ሽሚያሱ) ላይ ተጨምቆ ከጀርባው በብረት ቀለበት የተቆለፈ። ቀለበቱ ብዙ ጊዜ በግራይንደር ተቆርጦ በመሮ ነው የሚሰነጠቀው፣ አዲሱ ደሞ በብዙ ቶን ፕሬስ ነው የሚገባው። እዚህ ጋ የኔ ምክር አክስሉን ራሳችሁ አውጡና ኩሽኔታውን ብቻ ፕሬስ ያለው ሰው ጋ ወስዳችሁ አስቀይሩ፣ ግማሹን ስራ እናንተ ሰራችሁት ማለት ነው። ፓራሊዮውንም (የዘይት ማገጃውን) አብራችሁ ቀይሩ፣ የዲፈረንሻል ዘይት ከወጣ ወደ ፍሬን ሸራው ነው የሚሄደው።

ምን ምን እቃ ላዘጋጅ?

ክሪክና የሚታመን ስታንድ፣ ቡሶላ ከነረጅም እጀታው፣ ቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ)፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ፣ የፍሬን ማጽጃ፣ ጠንካራ ሽቦ (ካሊፐሩን፣ ማለትም የፍሬን ፓዱን የያዘውን እቃ፣ ማንጠልጠያ)፣ መነጽርና ጓንት። መነጽሩን በቁም ነገር ነው የምላችሁ፣ የኩሽኔታ ብረት በጣም የጠነከረ ስለሆነ በመዶሻ ሲመታ ስንጣሪው እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።

መኪናውን እንዴት ነው በደህና የማነሳው?

ደልዳላና ጠንካራ መሬት፣ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታግደው፣ የጎማ ዳዶዎቹ መሬት ላይ እያለ ላላ ተደርገው፣ ከዛ ክሪክ፣ ከዛ ስታንድ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ወይ ጎን ሆኖ ይሄን ስራ መስራት አይቻልም፣ ምክንያቱም እየመታችሁና እየጎተታችሁ ነው የምትሰሩት። የእጅ ፍሬኑ ደሞ የኋላ ጎማ ላይ ስለሆነ መለቀቅ አለበት፣ ስለዚህ መኪናውን የሚይዘው የፊቱ ማገጃ ብቻ ነው፣ ማገጃው ድጋሚ ይታይ።

በብሎን የሚታሰረውን ሞዞ እንዴት ነው የምቀይረው?

ዲስክ ካለው ካሊፐሩን ከነመያዣው ፈታችሁ በሽቦ ሞላው ላይ አንጠልጥሉት፣ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል፣ ቱቦው ውስጡ ቢቀደድ ከውጪ አይታይም። ታምቡር ከሆነና እንቢ ካለ ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ እዩ፣ ብዙ ጃፓን ሰራሽ ላይ 8 ሚሊሜትር ብሎን ነው የሚቀበሉት፣ ሁለት ብሎን አስገብታችሁ በየተራ ትንሽ ትንሽ ስታጠብቁ ታምቡሩን ራሳቸው ገፍተው ያወጡታል። የፍሬኑን አቧራ በአፍ ወይ በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በማጽጃ አርጥባችሁ ጥረጉት፣ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል።

ከዛ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ሴንሰር ሶኬት ካለ ንቀሉ። ሞዞው ጀርባ ያሉትን 4 ብሎኖች ስታገኙ ስፕሬይ ነፍታችሁ ጥቂት ጠብቁ፣ ቡሶላው ጭንቅላቱ ላይ ሙሉ ለሙሉ መግባቱን በጣታችሁ አረጋግጡና ከዛ ነው ኃይል የሚሰጠው፣ የብሎን ጭንቅላት የሚበላው በግማሽ የገባ ቡሶላ ነው። ታምቡር ያላቸው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እነዚህ 4 ብሎኖች ብዙ ጊዜ የፍሬኑን ጀርባ ሰሃንም አብረው የያዙ ናቸው፣ ሞዞው ሲወጣ ሰሃኑ ከነሸራው ይላቀቃል፣ የፍሬን ዘይት መስመሩ ላይ እንዳይንጠለጠል ደግፉት ወይ አንድ ብሎን መልሳችሁ ያዝ አድርጉት።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ አጽዱት። ይሄ ለውበት አይደለም፣ የዝገት ቅርፊት ስር ከቀረ ሞዞው ትንሽ ያዘነብላል፣ ሞዞው ካዘነበለ ዲስኩ ይወላገዳል፣ ከዛ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ደሞ አዲሱን እቃ ነው የሚሰድበው። መገናኛው ላይ ስስ አድርጋችሁ ዝገት የሚከላከል ቅባት ቀቡ፣ ብሎኖቹን አራቱንም በእጅ ካስገባችሁ በኋላ በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ።

ብሎኖቹ ተፈትተዋል፣ ሞዞው ግን አልወጣ አለ። ምን ላድርግ?

ዝገት ነው፣ የተለመደ ነው። አንደኛ ዘዴ፦ ብሎኖቹን መልሳችሁ ጥቂት ዙር ብቻ አስገቡና ከኋላ የብሎኖቹን ጭንቅላት በየተራ በመዶሻ ምቱ፣ አንዱን ብቻ ደጋግማችሁ ከመታችሁት ያዘነብልና ይባስ ይነክሳል። አሮጌዎቹን ብሎኖች መልሳችሁ እንዳትጠቀሙባቸው ብቻ፣ አዲስ አዘጋጁ። ሁለተኛ፦ ተንሸራታች መዶሻ የጎማ ብሎኖቹ ላይ አስራችሁ መጎተት። ሞዞው ለሁለት ተለያይቶ ግማሹ እጃችሁ ላይ ቀርቶ ውጪኛው ቀለበት እዛው ቢቀርም አትደንግጡ፣ በመዶሻና በመሮ ከጠርዙ እያዞራችሁ ታወጡታላችሁ። ጋዝ ነበልባል አምጥቶ ማጋልን ግን እኔ አልወደውም፣ አጠገቡ የጎማ ቡሽ አለ፣ የሴንሰር ሽቦ አለ፣ የፍሬን ዘይት አለ።

ባለ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታውስ?

ኮፒሊያውን በፒንሳ ነቅላችሁ ዳዶውን ስትፈቱ ታምቡሩን ትንሽ ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ትንሹ ኩሽኔታ ሮንዴላውን ይዞ ይወጣል። ሾጣጣ ኩሽኔታ ሁሌም ከነውጪኛው ቀለበቱ ነው የሚቀየረው። ሮለሮቹን አዲስ አድርጎ የድሮውን ቀለበት ሞዞ ውስጥ መተው ገንዘብ መቆጠብ ይመስላል ግን አዲሶቹ በአሮጌው ቀለበት ጉድጓድ ላይ ነው የሚሮጡት፣ ወዲያው ነው የሚበሉት። ቀለበቱን ለማውጣት ከጀርባው ሞዞው ውስጥ ያለውን ክፍተት ፈልጉና በነሃስ ዘንግ አንዴ በዚህ አንዴ በዛ ጎን እየመታችሁ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አድርጉ። አዲሱን ስታስገቡ አሮጌውን ቀለበት ላዩ ላይ አድርጋችሁ መምታት ትችላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ የመዶሻው ድምጽ ራሱ ከደበዘዘ ወደ ጠንካራ ይቀየራል፣ ታውቁታላችሁ።

ግሪሱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ ግሪሱ ላይ እየጫናችሁ በሌላኛው ጎን በሮለሮቹ መሃል ብቅ ብቅ እስኪል ግፉት፣ ዙሪያውን በሙሉ። ለጎማ ኩሽኔታ ተብሎ የተሰራ ሙቀት የሚችል ግሪስ ይሁን፣ የድሮው ግሪስ ላይ አዲስ አትደርቡ፣ አጥባችሁ አድርቁ።

ማስተካከያው ደሞ እንዲህ ነው፦ ታምቡሩን በእጅ እያሽከረከራችሁ ዳዶውን ትንሽ ጠበቅ አድርጉ ሁሉም ቦታ ቦታውን እንዲይዝ፣ ከዛ ሙሉ ለሙሉ አላሉት፣ ከዛ በጣት ብቻ እስኪነካ ድረስ መልሱ፣ ቀዳዳው ካልገጠመ ወደሚላላው በኩል አምጥታችሁ ኮፒሊያውን አስገቡ። አዲስ ኮፒሊያ። የመኪናው ማንዋል ቁጥር ካለው ግን የኔን ተዉትና የማንዋሉን ተከተሉ። እዚህ ጋ "አጥብቄ ልሰረው እንዳይወልቅ" የሚል ሃሳብ ነው ኩሽኔታ የሚያቃጥለው፣ ሾጣጣ ኩሽኔታ ከታነቀ ይነዳል፣ በጣም ትንሽ ልቅነት ይፈልጋል፣ በእጅ ስትነቀንቁት ለማለት ያህል ብቻ የሚሰማ።

ተጨምቆ የሚገባውን በመዶሻ ማስገባት ይቻላል?

የሚያደርጉት አሉ፣ ይገባልም። ግን አንድ ህግ አለ፣ እሱን ያልጠበቀ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይነዳበት ነው የገደለው፦ ኃይሉ ማረፍ ያለበት የሚጨመቀው ቀለበት ላይ ብቻ ነው። ኩሽኔታውን ወደ ቤቱ ስታስገቡ የሚጠብቀው ውጪኛው ቀለበት ስለሆነ ውጪኛውን ግፉ። ሞዞውን ወደ ኩሽኔታው ስታስገቡ ደሞ የሚጠብቀው ውስጠኛው ነው፣ ስለዚህ ከስር ውስጠኛውን ቀለበት በቱቦ ደግፉ። ይሄን ገልብጣችሁ ከሰራችሁ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ ኳሶቹ ቀለበቱ ላይ በዓይን የማይታይ ጉድጓድ ይሰራሉ፣ መኪናውን አስነስታችሁ ስትወጡ ጉምጉምታው እንዳለ ነው፣ ከዛ "እቃው ፌክ ነው" ይባላል። ብዙ ጊዜ ፌክ አይደለም።

በብሎን የሚስበው ኪት ካላችሁ ስራው ቀስ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከመዶሻ መቶ እጥፍ ይሻላል። አዲሱን ኩሽኔታ ከነማሸጊያው ለጥቂት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ትንሽ ይኮማተርና ይቀላል። የሚያግደው የብረት ቀለበት ክሊፕ ካለው አሮጌውን ከመጭመቃችሁ በፊት ማውጣት አትርሱ፣ አዲሱን ስታስገቡም ክሊፑ ጉድጓዱ ውስጥ ጠቅ ብሎ መግባቱን እዩ። አሮጌው ሲወጣ ውስጠኛው ቀለበት ሞዞው ላይ ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ይቀራል፣ በፑለር ወይ በግራይንደር በጥንቃቄ ሰንጥቃችሁ ታወጡታላችሁ፣ ግራይንደሩ ሞዞውን ራሱን ከነካው ግን ሞዞም መግዛት ነው።

ኩሽኔታ የትኛው ፊቱ ነው ወደ ውስጥ?

ኤቢኤስ ላላቸው መኪኖች ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። በብዙዎቹ ላይ አንደኛው የጎን መዝጊያ ውስጡ ማግኔት ያለበት ቀለበት ነው፣ ሴንሰሩ ፍጥነት የሚያነበው ከሱ ነው፣ ስለዚህ እሱ ፊት ወደ ሴንሰሩ ይዞራል። በዓይን ካልለያችሁት ትንሽ የወረቀት ክሊፕ ጠጋ አድርጉ፣ የሚስበው ጎን እሱ ነው። ማግኔት ባለው የብሎን ማስቀመጫ ሰሃን ላይ ግን ኩሽኔታውን እንዳታስቀምጡት፣ እዛ ጎን ላይም በመዶሻ እንዳትነኩት። ገልብጣችሁ ካስገባችሁት መኪናው ይሄዳል ድምጽም የለውም፣ የኤቢኤሱ መብራት ግን አይጠፋም፣ እና አንዴ የተጨመቀ ኩሽኔታ ሲወጣ ስለሚበላሽ ሌላ መግዛት ነው።

የታሸገው ላይ ግሪስ ልጨምር?

አይ። ፋብሪካው ልኩን አድርጎበት ነው የመጣው።

ሁለቱንም ጎን አንዴ ልቀይር?

ለታሸጉት የተበላውን ብቻ መቀየር በቂ ነው፣ እንደ ፍሬን ሸራ ጥንድ አይደሉም። ሾጣጣዎቹን ግን አንዱን ከከፈታችሁ ሌላውንም ጎን ከፍታችሁ አጥባችሁ ግሪሱን ቀይሩ፣ ሮለሩ ላይ ሰማያዊ የተቃጠለ ቀለም ወይ ጉድጓድ ካያችሁ ደሞ ቀይሩት።

የመሃሉን ዳዶ ምን ያህል ላጥብቅ?

ማንዋሉ የሚለውን፣ በቶርክ ሬንች። ከመኪና መኪና በጣም ስለሚለያይ "ያገሌ መኪና ይሄን ያህል ነው" አይሰራም። ትልቁ የመሃል ዳዶ ያላቸው ላይ ጥብቀቱ ራሱ የኩሽኔታውን ሁለት ግማሽ አንድ ላይ የሚይዝ ነው፣ ስለዚህ ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናውን መሬት ላይ አታውርዱት፣ አትግፉትም። አንገቱ ተመትቶ የሚቆለፈው አይነት ዳዶ አንዴ ነው የሚያገለግለው፣ አዲስ ይገባል። በኢምፓክት ጠመንጃ መፍታት ይቻላል፣ ማጠናቀቅ ግን በእጅ ነው። የጎማ ዳዶዎቹም እንዲሁ፣ ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ጥቂት አስር ኪሎሜትሮች ነድታችሁ ድጋሚ ፈትሹ።

እቃ ስገዛ ምን ልይ?

ካርቶኑን ሳይሆን ብረቱን። ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአሮጌው ጋር መግጠም አለበት፣ ጽሁፉ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን፣ ኤስኬኤፍ፣ ቲምከን የታወቁ ናቸው፣ ለዛም ነው በብዛት የሚኮረጁት። የተለመደው ባለ ኳስ ኩሽኔታ ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል፦ 6205 የሚል ካያችሁ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ፣ 25 ሚሊሜትር፣ የውስጡ ቀዳዳ ስፋት ነው። አሮጌው ላይ ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር መለኪያ የውስጡን፣ የውጪውንና የወርዱን ልክ ወስዳችሁ ሂዱ።

ቀይሬ ጨርሻለሁ፣ አሁንም ይጮሃል?

መጀመሪያ ጎማ አቀያይሩ። ካልሆነ ሌላኛውን ጎን እንደገና በሞላው ዘዴ ፈትሹ፣ የበለጠ የሚጮኸው ሲጠፋ ትንሽ የሚጮኸው ነው የሚሰማው። የሚቧጭር ቀጭን ድምጽ ከሆነ ደሞ ኩሽኔታ አይደለም፣ ስትሰሩ ያጎበጣችሁት የዲስኩ ጀርባ ቆርቆሮ ዲስኩን እየነካ ነው፣ በካቻቢቴ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጉት ይጠፋል።